በእረፍት ሰዓት የተደገሰ ሰርግ

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ሰው መቼ መቼ ቴሌቪዥን ፊት እንደሚቀመጥና መቼ ጥሎ እንደሚነሳ ማጥናት። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሰውን ከቤት ስለሚከተው ተመልካች ይበዛል፤ በጋ ሲሆን ይሳሳል፤ ጾም ሲያዝ እንዲህ፣ ጾም ሲፈታ እንዲያ ይሆናል፤ ደህና ድራማ ክፉ ሰዓት ላይ ከተመደበ አፈር ይበላል፣ የማይረባው ደህና ሰዓት ካገኘ ደግሞ አገር ያስለቅሳል። ይህን ሁሉ በባለቀለም ሥዕል አስደግፋ ካስረዳችኝ በኋላ፣ "አጎቴ፣ ገባህ ግን?" አለችኝ። ለቀባሪው አረዱት። እኔ እኮ ይህን ትምህርት በጃንሆይ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ላይ፣ እጅ ብቻ ከምታሳልፍ ቀዳዳ በስተኋላ ተቀምጬ የጨረስኩ ሰው ነኝ።

ሲኒማ ቤት ትኬት ሻጭ ነበርኩ። ስሜን የሚያውቀው ደመወዝ የሚከፍለኝ ሰው ብቻ ነው፤ ለቀረው የድሬ ሕዝብ "ትኬት" ነኝ። "ትኬት፣ እንዴት አደርክ?" "ትኬት፣ የዛሬው ጥል አለው ወይስ ዘፈን ብቻ ነው?" ድሬ ላይ አንቱታ በባቡር መጥቶ በባቡር ይመለሳል፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም አንተ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ሲኒማችን ጣሪያ አልነበረውም። አራት ግንብ፣ የብረት ወንበሮች፣ ፊት ለፊት በኖራ የነጣ ትልቅ ግድግዳ፣ ከላይ ሰማይ። ባለቤቱ ሙሴ ኮስታ፣ "በዚህ ሙቀት ጣሪያ ሠርቶ ሰው ማጎር ሲኒማ ሳይሆን ዳቦ ቤት መክፈት ነው" ይል ነበር። ሙሴ የምንለው በፈረንጅ ወግ አቶ ለማለት ነው እንጂ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያደገ ግሪክ ነው፤ ሲደሰት አማርኛ፣ ሲናደድ ኦሮምኛ ይናገራል።

እናላችሁ በዚያች ቀዳዳ በኩል አገሩን አወቅሁት። ግንቦትና ሰኔ የቤቱ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ሲተፋው፣ ሰው ለፊልሙ ሳይሆን ለአየሩ ይመጣል፤ ያኔ ነጩን ግድግዳ ብቻ ብናሳየውም ቁጭ ብሎ ያይልናል። ክረምት ሲመጣ ዓይኔ ከሐረር ተራሮች አይነቀልም። እዚያ ላይ ከጠቆረ፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱ ወንዝ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል፤ የመጋላ ሰፈር ሰው ከወንዙ ማዶ ቀረ ማለት ነው፣ ግማሹ ወንበር ጾሙን ያድራል። በረመዳን ከተራዊህ ሶላት በፊት መጀመር ቂልነት ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ከገባ ደግሞ መልአክ ከሰማይ ቢወርድ ቀና ብሎ የሚያየው የለም፤ ምርቃናው በረድ ብሎ ሰው እግሩን ማፍታታት ሲያምረው ግን ዘመድ አዝማዱን ይዞ ይመጣል። ሙሴ ኮስታ ጠዋት ጠዋት ብቅ ብሎ፣ "ትኬት፣ ዛሬስ?" ይለኛል። እኔ ሰማዩን አየት፣ የባቡሩን ፉጨት ሰማ አድርጌ፣ "ሙሉ ነው" ወይም "ሂድና ተኛ" እለዋለሁ። ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ነበር ማለቴን ያዙልኝ።

ከሲኒማው ጋር ግንብ ለግንብ የምትዋሰን አንዲት ግቢ ነበረች፤ የእትዬ ዘነበች ግቢ። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሞቷል፤ ትርሲት የምትባል አንዲት ልጅ ትቶላታል። ትርሲት ፊልም የምታውቀው በጆሮዋ ነው። ከግንቡ ማዶ አልጋዋ ላይ ሆና የህንዱን ዘፈን ሁሉ ታንበለብለዋለች፤ የጥፊ ድምፅ ሰምታ ማን ማንን እንደመታ ትነግራችኋለች። አንድ ቀን እንኳ ግን ገብታ አይታ አታውቅም። እናቷ፣ "ሴት ልጅ በማታ ሲኒማ? እኔ ቤት እያለሽ አይሆንም" ብላ ነገሩን ቆልፋዋለች።

እትዬ ዘነበች ራሷ ድሬ ላይ ያልሠራችበት ሰርግ፣ ያላለቀሰችበት ለቅሶ የለም። ከቀዚራ እስከ መጋላ የማንም ድንኳን ሲተከል መቀነቷን አጥብቃ ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት። ብቸኛ ልጇን ስትድር ታዲያ ምኞቷ አንድ ነበር፤ ዳሱ በሰው ጢም ብሎ ማየት። "ባል የሞተባት ሴት ዳስ ከሳሳ" ትላለች፣ "ሰው የሚስቀው በእሷ ብቻ አይደለም፣ በሟቹም ጭምር ነው።" ሙሽራው ታደሰ አዲጋላ በምትባል የበረሃ ጣቢያ የሚሠራ የባቡር ልጅ ነው። ቀኑም ተቆረጠ፦ የቅበላ እሑድ ምሽት። ማግስቱን ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሙሽሮቹም ሰኞ ጠዋት በጅቡቲው ባቡር ይሄዳሉ።

አሁን የመጣውን ጉድ ስሙልኝ። ሳምንት ሲቀረው ሙሴ ኮስታ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ። ከጅቡቲ አዲስ የህንድ ፊልም ይመጣል፤ ስለ ጋሪ ነጂ። አንድ ደሃ ጋሪ ነጂ የሀብታም ልጅ ይወዳል፣ አባትየው ያላደረገውን ወንጀል ይለጥፍበታል፣ ችሎት ያስቆመዋል። የምናሳየው አንድ ምሽት ብቻ ነው፤ በማግስቱ በጅቡቲው ባቡር ይመለሳል። ምሽቱ መቼ ነው? የቅበላ እሑድ።

በጋሪ ለሚሄድ ከተማ የጋሪ ነጂ ፊልም ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ግፊያ አላየሁም። ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ቀዳዳዬ ፊት ለፊት አስረው ተሰለፉ። ለወትሮው ሲኒማ የማያውቁ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ትኬቱ ገና ሐሙስ ሳይደርስ አለቀ፤ ሙሴ ኮስታም ግንባሬን ሳመኝ።

በማግስቱ በቀዳዳዋ የገባው እጅ ግን ብር አልያዘም። ባዶ እጅ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ እትዬ ዘነበች።

"አንተ ትኬት፣ ጉድ ሠራኸኝ" አለችኝ። "የጠራሁት ሰው ሁሉ ያንተን ወረቀት ይዟል። አዴ ፋጡማ እንኳ!"

አዴ ፋጡማ የቅርብ ጎረቤቷ ናት። በድሬ ወግ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፤ የዚያን ወገን ድስት የምትመራው አዴ ፋጡማ ነበረች። የድስቱ አዛዥ ከካደች ዳሱ አለቀለት ማለት ነው።

"ፊልሙን ለሌላ ቀን አድርጉልኝ።"

"ባቡሩ አይጠብቅም፣ እትዬ። ሰርጉንስ ብታዘዋውሪው?"

"ጾሙ ይጠብቅልኛል?"

ቀን እንዳይደገስ፣ በድሬ ፀሐይ ሰው ከነጠጁ ይፈላል። ፊልሙም ካልጨለመ አይታይም። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ምሽት ነው። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች፤ አንጀቴን በላችው። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። የህንድ ፊልም ረጅም ነው፤ መሀል ላይ እረፍት አለው። እረፍቱን ለምን አንድ ሰዓት አናደርገውም? ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ያያል፣ በር ለበር ነውና እትዬ ዘነበች ዳስ ገብቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል፤ ደወል ሲደወል ተመልሶ ሁለተኛውን ክፍል ያያል። ሰርጉን በእረፍት ሰዓት!

ሐሳቡን ስነግረው ሙሴ ኮስታ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልተረጉምላችሁም። ቀጥሎ በአማርኛ፣ "የበላ ሰው አይመለስም" አለ።

"ሙሴ፣ የህንድ ፊልም የሚቋረጠው ልብ ሲንጠለጠል ነው። የጋሪ ነጂውን መጨረሻ ሳያውቅ ቤቱ የሚገባ የድሬ ሰው አለ? ወላሂ፣ ጉርሻውን እያላመጠ ይመለሳል።"

ተሳስቼ ስለማላውቅ አመነኝ።

እሑድ ደረሰ። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንዲት ባዶ ወንበር የለችም። ግድግዳው ላይ ጋሪው ሲሮጥ የኛዎቹ ጋሪ ነጂዎች ከወንበራቸው እየተነሱ፣ "ልጓሙን ሳብ! ሳብ አቦ!" ይላሉ። ሲታሰር አለቀሱ። ችሎት ቀረበ፤ ልጅቷ በእንባ ታጠበች፤ ዳኛው መነጽሩን አደረገ፣ ብድግ አለ፣ አፉን ከፈተ፤ መብራት በራ። እረፍት።

ያ ሁሉ ሰው እያጉረመረመ ወጥቶ ዳሱ ውስጥ ፈሰሰ። እንዴት ያለ ዳስ ሆነ መሰላችሁ! በዚህ የክርስቲያኑ፣ በዚያ የሙስሊሙ መብል፣ አዴ ፋጡማ ጭልፋዋን ይዛ ሁለቱንም ወገን ታዛለች፤ ከበሮው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ ሶማሌዎቹ ይቀበሉታል። መቀመጫ ያጣው ቆሞ ይበላል። እትዬ ዘነበች የዳሱን ምሰሶ ተደግፋ እየሳቀች ታለቅሳለች፤ "አየኸው? አየኸው?" ትላለች፣ ለማን እንደሆነ ገብቶናል። እኔም በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

ሰዓቱ ሲደርስ ደወሌን ደወልኩ። ማንም አልተነሳም። እንደገና ደወልኩ። አንድ ጋሪ ነጂ ደወሉን ከእጄ ወስዶ እያንቃጨለ ጨፈረበት። ሙሴ ኮስታን ፍለጋ ገባሁ፤ ኮቱን አውልቆ ክቡ መሀል ትከሻውን ይንጣል። "ሙሴ፣ ሁለተኛው ክፍል!" ብለው፣ "አስጀምር፣ የሚመጣ ይመጣል" አለኝና ዞረ። ሄጄ ለማሽነኛው ለዩሱፍ ነገርኩት። ዩሱፍ ፊልም የሚያሳይ እንጂ ፊልም የሚያይ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ፊልሙን ከሚያበራው የማሽኑ እሳት ተነቅሎ አያውቅም። አስጀመረ። ያ ሁሉ የብረት ወንበር ባዶውን ፈጦ፣ ዳኛው ለወንበር ሊፈርድ ተነሳ።

እኔ በሩ ላይ አንገቴን ደፍቼ ቆሜያለሁ። ነጭ ቀሚስ አየሁ። ቀና ስል ትርሲት ናት፣ ታደሰን በእጁ ይዛዋለች።

"ትኬት፣ እንግባ?"

"እናትሽስ?"

"'እኔ ቤት እያለሽ አይሆንም' ነው ያለችኝ። ዛሬ እኮ ተዳርኩ፤ ከቤቷ ወጣሁ።"

ሕግ አዋቂ ቢመጣ ይህን አይረታም። አስገባኋቸውና ሙሴ ኮስታ ለራሱ ያስቀመጣቸው ባለትራስ ወንበሮች ላይ አስቀመጥኳቸው። እኔ ደግሞ እትዬ ዘነበች እንዳትመጣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ በሩን ጠበቅሁ። እሷ ግን የት ትመጣለች? ዳሱ ከመሙላቱ የተነሳ የሙሽሮቹ ወንበር ባዶ መሆኑን ያየ ሰው አልነበረም። ከኋላዬ ዳኛው ሲናገር ሰማሁ፤ ምን እንዳለ እንጃ። ከዚያ ዘፈን መጣ። የህንድ ሰው ሲሰቀልም ሲፈታም ይዘፍናል፣ በዘፈኑ አይታወቅም።

ሰኞ ጠዋት ፊልሙም ሙሽሮቹም በአንድ ባቡር ሄዱ። ድሬ ከስካሯ የነቃችው ያኔ ነው። ዳኛው ምን አለ? ሰው ሁሉ ቀዳዳዬ ላይ ተከመረ። እኔ ፊቴ ወደ መንገድ ነበር። ሙሴ ኮስታ እስክስታ ላይ ነበር። ዩሱፍን ጠየቁት፤ "እሳቱ ደህና ነበር" አለ። ጋሪ ነጂዎቹ ተፈታ የሚሉና ተሰቀለ የሚሉ ሆነው ለሁለት ተከፈሉ፤ ተፈታ የሚለው ተሰቀለ የሚለውን ከጣቢያ እንግዳ አያስጭነውም። በመጨረሻ ሁለት ሰው አይቷል ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጅቡቲ በወጣ ባቡር ሁሉ መልእክት ይላካል፤ የባቡር ሠራተኞቹ አዲጋላ ላይ ትርሲትን ይጠይቋታል፣ እሷ ሳቅ ብላ ቤቷ ትገባለች፣ ባቡሩም ይነሳል።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ ዘነበች ልጇን ልትጠይቅ ሄደች። የተመለሰች ዕለት ጣቢያው በጋሪ ተሞላ፤ ሚኒስትር የሚመጣ ነበር የሚመስለው። ገና ከባቡሩ ስትወርድ፣ "ተሰቀለ ወይስ ተፈታ?" ብለው ከበቧት።

እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አስተካከለች። "ጠይቄያታለሁ" አለች። "ያለችኝ ይህን ነው፦ 'እማዬ፣ መጀመሪያ ቤታችንን ከግንቡ ወዲያ ማዶ ሆኜ አየሁት። ቀጥዬ ታደሰን አየሁት። ከዚያ መብራት በራ።'"

ጋሪ ነጂዎቹ፣ "ታዲያ ግድግዳውን ማን አየው?" አሉ። እኔ እትዬ ዘነበች ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ከሰው ጀርባ ተሸሽጌያለሁ፤ አየችኝ። "ና ውጣ፣ አንተ ትኬት። ልጄን ከዳሷ አስወጥተህ አስገብተሃታል አሉ።" ጠጋ ብላ፣ ዓይኗ እየሳቀ፣ "ዳሱ ግን ሞልቶ ነበር፣ አይደል?" አለችኝ። "ሙሽሮቹ እንኳ ሳይኖሩበት!" ከዚያ ጋሪ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ይህን ለእህቴ ልጅ አጫወትኳት። ቁጥር ልማዷ ነውና፣ "ስለዚህ የሁለተኛው ክፍል ተመልካች ሁለት ነበር ማለት ነው" አለችኝ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ሰዓቱ ጥሩ፣ ወሩ ጥሩ፣ መቀመጫው ባለትራስ፤ ተቀምጠው ነበር፣ ዓይናቸውም ተከፍቶ ነበር። አሁን ዘወትር ከሥራ ስትመለስ፣ "ዛሬ ይህን ያህል ሰው አየን" ትለኛለች፤ እኔም "ከነሱ መሀል አዲስ ሙሽሮች ስንት ናቸው?" እላታለሁ። ባለቀለሙ ሥዕል ውስጥ ለዚህ ቦታ የለም። ጋሪ ነጂው እንደሆነ እስከ ዛሬ ዳኛው ፊት እንደቆመ ነው።