ጋሼ ቆይ አስተዳዳሪ ሰርቨሩን ከአሮጌው ዶሜይን ወደ አዲሱ ያሻገሩበት ዜና

ጋሼ ቆይ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ በተረከቡ በ፲፩ኛው ዓመት፣ ሊፍቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል በቆመ በአራተኛው፣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ተዋሕደው አንድ ማህተም በያዙ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ዐቃቤ ቁልፍ፣ መፍቀሬ ዝምታ፣ አሥራ አራት ማሽኖችን ያለ ጩኸት የሚገዙ ጋሼ ቆይ የሹራባቸውን እጅጌ ሰብስበው፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው፣ ለዘመቻ ተነሡ።

ቆይ መባላቸው ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ እናታቸው ያወጡላቸውም ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ፕሪንተሬ እምቢ አለ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ «ቆይ» ይሉ ነበርና፣ ፕሪንተሩም ብዙ ጊዜ እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሡ በራሱ ይታረቅ ነበርና፣ ሠራተኛው ስሙን በፍቅር አጸደቀላቸው።

ግዛታቸውም ይህን ይመስል ነበር። መሥሪያ ቤቱ መንጃ ፈቃድ ያድሳል። በማሽን ክፍሉ ሦስት የብረት ሣጥኖች ቆመዋል፤ በውስጣቸውም የራሳቸው አካል የሌላቸው፣ ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ሙሉ ኮምፒውተር አድርገው የሚቆጥሩ አሥራ አራት ማሽኖች ይኖራሉ። አንዱ ፎቶ ያስቀምጣል፣ አንዱ ተራ ይሰጣል፣ የአንዱን ሥራ የሚያውቀው ሰው ጡረታ ስለወጣ ምን እንደሚሠራ የሚናገር የለም፤ ሊያጠፋውም የደፈረ የለም። በእነዚህ ሁሉ ላይ አስተዳዳሪ ሰርቨር ተሹሞ ያስነሣል፣ ያስተኛል፣ ከሣጥን ወደ ሣጥን ያዛውራል። ሹሙም በአሮጌው ዶሜይን፣ ማለትም ሠራተኛና ማሽን በስምና በይለፍ ቃል በሚተዋወቁበት በቀድሞው ግዛት ከነአሥራ አራቱ ቀርቶ ነበር፤ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ባለፉት ሳምንታት ተሻግረዋል፤ አሥራ አራቱ ግን ሹማቸው ሲሻገር ይከተሉታል። ለእሱ መሻገር ማለት የራሱን ስም እንደያዘ የአባቱን ስም መለወጥ ነው፤ ይህም በሰው ዘንድ እንኳ ቀላል አይደለም።

ወእምዝ ከዋናው መሥሪያ ቤት አዋጅ ወጣ፦ «ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን አሮጌው ዶሜይን ይዘጋል። እስከዚያ ያልተሻገረውን ሰርቨር እኛ ከዚህ እንረከባለን፤ የክፍሉ ኃላፊም ቁልፉን አስረክቦ ወደ ወረቀት መጋዘን ይዛወራል።» የወረቀት መጋዘኑ ምድር ቤት ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ አንድ አምፖልና አንድ ወንበር የተመደበለት ክፍል ነው። ጋሼ ቆይ ደብዳቤውን አንብበው አጠፉት፤ ለማንም አልተናገሩም። በማግስቱ ግን የብረት ሣጥኖቹን አቧራ ሁለት ጊዜ ሲወለውሉ ታዩ።

በዘመቻው ዕለት የተከተሏቸው እነዚህ ናቸው፦ የኔትወርክ ባለሙያዋ ከነላፕቶፗና ከነሁለት ቻርጀሮቿ፤ ጥበቃው፣ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ነበርና ቬንትሌተር ተሸክሞ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ወለሉን ገና አልጨረስኩም ብላ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤትም አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ አካሉ እዚያው ቀርቶ ድምፁ ብቻ በስልክ ማጉያ። ጋሼ ቆይ አስቀድመው የሰርቨሩን ሙሉ ቅጂ አስቀመጡ፤ ይህም ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚያም ከአሮጌው አባቱ አፋትተው ለአዲሱ አቀረቡት። አዲሱ ዶሜይን አልቀበልም አለ። ደግመው አቀረቡት፤ አልቀበልም አለ። በሦስተኛው ጊዜ ከማጉያው አዋጅ ወጣ፦ «ጋሼ፣ የእርስዎ ሰዓት ከእኛ በሰባት ደቂቃ ይቀድማል እኮ! ይሄ ዶሜይን ከአምስት ደቂቃ በላይ አይታገሥም። ዝም ብለው ወደ ኋላ ይመልሱት!»

በይእቲ ሰዓት የጋሼ ቆይ ፊት ዐመድ መሰለ፤ የረሱት ነገር ትዝ ብሏቸዋልና።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ እትዬ መዝገብ፣ ሠራተኛው ማርፈድ ቢያበዛባቸው፣ የአዳራሹን የግድግዳ ሰዓት በሰባት ደቂቃ አስቀደሙት። ሠራተኛውም ፈጥኖ ተማረ፤ ጠዋት በስልኩ ሰዓት እየገባ ማታ በግድግዳው ሰዓት ይወጣ ጀመር። እትዬ መዝገብ ግን በማህተሙ ላይ የሚታተመው ሰዓት ከግድግዳው አልገጥም ብሎ ሦስት ቀን ቢቆጡ፣ ጋሼ ቆይ ስለ ሰላም ብለው የሰርቨሩን ሰዓት በግድግዳው አስተካከሉት። ሰዓታቸውን ከእሱ የሚወስዱት አሥራ አራቱ ማሽኖችም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከዓለም ሰባት ደቂቃ ቀድመው ኖሩ።

አሁን መመለሱ የአንድ ጣት ሥራ ነበር። ነገር ግን አምስቱ መስኮቶች በየደቂቃው ፈቃድ ያትማሉ፤ ሰዓቱ እንዲሁ ቢመለስ ኋላ የመጣው ከፊተኛው ቀድሞ ይመዘገባል። ስለዚህ የመጨረሻው ማህተም ከተመታ በኋላ፣ እውነተኛው ሰዓት እስኪደርስበት ድረስ፣ ቤቱ ሁሉ ሰባት ደቂቃ እጁን ማጣጠፍ ነበረበት። በባለሙያዋ ስልክ አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ሆኗል፤ ሰርቨሩም ተዘግቶ እስኪነሣ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈልጋል።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ አዳራሹ ገባ፤ እትዬ መዝገብም ከሰዓቱ ሥር ቆመው አወጁ፦ «ማን አባቱ ነው ይህን ሰዓት የሚነካው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን አርፋጅ ዓይኑን የሰበረ ሰዓት ነው! የሚነካ በእኔ በኩል ይለፍ!» ሠራተኛውም ማታ የሚያተርፋትን ሰባት ደቂቃ እያሰበ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእትዬ መዝገብ ጎን ተሰለፈ።

ጋሼ ቆይ በሕዝብ ፊት መናገር ከሁሉ በላይ ይፈሩ ነበር። ሆኖም የጽዳት ሠራተኛዋ ያላጠበችውን መሬት መርጠው ቆሙና አወጁ፦ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይቅርታ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማሽኖቹን በሰባት ደቂቃ ያስቀደምኳቸው እኔ ነኝ። ተራችሁ እንዳይዘበራረቅ ሰባት ደቂቃ ማንም ማህተም እንዳይመታ እለምናለሁ።»

የእትዬ መዝገብንም ስም አላነሡም። ይህም ለእትዬ መዝገብ ከስድብ ይልቅ ከበዳቸው፤ ሰዓቱን፣ ቀጥሎም ሰውየውን አዩና ሁለተኛ አዋጅ አወጁ፦ «ውሸቱን ነው! ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ እኔ ነኝ! እኔ ያስቀደምኩትን እኔው እመልሰዋለሁ፤ ወንበር አምጡ! ወንበሩንም ያዙልኝ፣ ጉልበቴ ደህና አይደለም!» ሦስት ሰዎች ወንበሩን ያዙ፤ አራተኛው እሳቸውን። ሠራተኛውም አለቃው ሲከዳው ጊዜ ብቻውን ሊዋጋ አልወደደምና ማህተሙን አስቀመጠ። ጥበቃውም ለባለ ጉዳዩ አወጀ፦ «ሲስተም የለም ያለ የለም! ሲስተም አለ፣ እየተሻገረ ነው! ሁላችሁም ቁጭ! አንተም ባለ ኮፍያው!»

ሁሉም ተቀመጠ፤ በሦስተኛው መስኮት ከቆመች አንዲት የሚኒባስ ሾፌር በቀር። ወረቀቷ በመታተም ላይ ነበርና እሷም በበኩሏ አወጀች፦ «እግሬ ዱባ እስኪያክል ቆሜ፣ ማህተሙ ሊያርፍልኝ ስንዝር ሲቀረው ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ ትሉኛላችሁ? መኪና እንኳ ወደ ኋላ ሲሄድ መስታወት ያያል!» ባለሙያዋ ይዛው ከመጣችው ማጉያም፦ «ጋሼ፣ አርባ ስምንት ሆኗል! ሴትዮዋን ይተዉአትና ይጀምሩ! መጋዘኑን አስበውታል?»

አዳራሹ የመጋዘኑን ነገር የሰማው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም ወደ ጋሼ ቆይ ዞረ። እሳቸውም ላባቸውን ጠርገው የዘመናቸውን አጭሩን አዋጅ አወጁ፦ «ይጨረስላት።»

የሾፌሯ ፎቶ ለመምጣት እንደ ሙሽራ ተግደረደረ፤ ግማሽ ግንባሯ ታየ፣ ቆይቶ አፍንጫዋ፣ ቆይቶ አገጯ። ማህተሙ ሲያርፍ ሃምሳ ሆነ። ጋሼ ቆይ በዕድሜያቸው ያልሮጡትን ሩጫ ሮጠው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ሰዓቱን መለሱ፤ ሰርቨሩን ለአዲሱ አባቱ አቀረቡት። ተቀበለው። ሊነሣም ተኛ።

በአዳራሹ ደግሞ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። አምስት መስኮት ሙሉ ሰው ማህተሙን አስቀምጦ፣ ባለ ጉዳዩም ተቀምጦ፣ ዓለም እስኪደርስባቸው ጠበቁ። ሰባተኛው ደቂቃ ሲሞላ ማህተሞቹ እንደገና ተመቱ፤ አስተዳዳሪው ቢተኛም አሥራ አራቱ ሥራ አይፈቱምና። የጋሼ ቆይ ስክሪን ግን ገና ጥቁር ነበር፤ ቬንትሌተሩ በፊታቸው፣ ቁልፉ በጨበጡት እጃቸው ውስጥ። አምስት ከሃምሳ ዘጠኝ ላይ ማጉያው ጮኸ፦ «ተነሣ! በአዲሱ የአባት ስሙ ታየኝ! ጋሼ፣ ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ፤ ክፍሉ የእርስዎ ነው!»

ጋሼ ቆይም ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ወደ አዳራሹ በር ወጡ። ያን ጊዜ ባለ ኮፍያው ሰው በአራተኛው መስኮት ፊት ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እዚህ ቤት እኮ የሚሠራ ሰው የለም!» ይህ አዋጅ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም በዚያው መስኮት ፊት በሌሎች ሰዎች አፍ ታውጆ ነበርና፣ ጋሼ ቆይ አንድም ነገር እንዳልተናጋ በዚህ ዐወቁ፤ ፊታቸውም በራ።

የቀደሙ ኃያላን ከግዛት ወደ ግዛት ሲሻገሩ ነጋሪት አስጎሰሙ፣ አቧራቸውም ከሩቅ ታየ። ዐቃቤ ቁልፍ፣ መፍቀሬ ዝምታ፣ ስለ አንዲት ሾፌር ወረቀት ሁለት ደቂቃ የሰጡ ጋሼ ቆይ ግን አስተዳዳሪውን ከነአሥራ አራቱ ጭፍሮቹ ሲያሻግሩ በአዳራሹ ከነበሩት ስልሳ ሦስት ባለ ጉዳዮች የአንዱም ተራ አልተዛባም፤ አንዱም እንኳ ሌላ ግዛት መግባቱን አላወቀም። እንዲህ ያለ ድል ለማን ተደረገ?