ራሱን ይቅር ያለው ጎረቤቴ

ሰው በድሎ ራሱን የሚያጽናና ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ሞላሌ ከተማ ሄዶ ጭንቀትን ስለመቋቋም ሁለት ቀን ሠልጥኖ መጥቷል። ባለፈው ሳምንት በጎቹ ያሸተ ገብሴን ሲግጡ ደርሼ ጮህኩበት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ተነፈሰና፣ «ረጋ በል፣ አንተ መልካም ሰው ነህ» አለ። እኔን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለራሱ ነው። እስኪረጋጋ ድረስ በጎቹ አንድ ትልም ጨረሱ። ለመሆኑ መጽናናት የሚገባው ገብሱ የተበላበት ነው ወይስ ያስበላው?

ሽማግሌ ፊት አቆምኩት።

«ይቅርታ ጠይቀሃል?» አሉት ሽማግሌው።

«አዎ አባቴ። ራሴን ጠይቄ፣ ራሴን ይቅር ብያለሁ።»

«ገብሱስ የማን ነበር ልጄ?»

ጎረቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና መተንፈስ ጀመረ።