እያወሩ የሚሮጡት አሰልጣኝ

ሰው በሰላም እንዳይታመም የሚከለክል ጎረቤት የሌለበት ሕንፃ እስካሁን አልተሠራም። ለእኛ ሕንፃ የደረሱት ክቡር አሰልጣኝ ናቸው። ማዕረጉን ለቀልድ የሰጠናቸው እኛው ነን፤ እሳቸው ግን ከላይ በደብዳቤ የተሾሙ ያህል ተቀብለውታል።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከወጡ ወዲህ ሊፍት የሰው ልጅ ጠላት ሆኗል። በሩ ሥር ይቆሙና ልንጠራው ጣታችንን ስንዘረጋ፣ "እግርህን ለማን አስቀምጠኸው ነው?" ይላሉ። አምስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አድራ ብትመጣም ምሕረት የለም። አብረዋት እየወጡ በየፎቁ እንዴት መተንፈስ እንዳለባት ያስተምሯታል።

ፍተሻም አለ። ከሱቅ ስንመለስ ደረጃ ላይ ካገኙን ፌስታላችንን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው ያያሉ። ካሮት ካዩ ትከሻችንን መታ መታ ያደርጋሉ። ብስኩት ካዩ "ነፍስ ይማር" ብለው ያልፋሉ። የታችኛዋ ጎረቤታችን ለልጇ ልደት ብትጠራቸው ቀይ ሥር ቀቅለው፣ ሻማ ሰክተውበት መጡ። ልጅቷ እስከ ዛሬ ስታያቸው ትደበቃለች። "ሕይወት ሚዛን ናት፤ ግማሹ እግር፣ ግማሹ ሆድ" ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ በጊዜ ቤቱ የገባ ሰው አላውቅም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሩጫው ነው። በሳቸው ሕግ ብቻውን የሮጠ ሰው እንዳልሮጠ ይቆጠራል። "እያወራህ መሮጥ ከቻልክ ልክ ነህ፤ ወሬው ከተቋረጠ ፈጥነሃል" ይላሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚያወሩት ሰው ፍለጋ በራችንን ያንኳኳሉ። አንድ ቀን ተሸንፌ ወጣሁ። ስለ ሳንባ አወሩ፣ ስለ ጎመን አወሩ። እኔ መልስ ባቃተኝ ቁጥር "ፈጥነናል" እያሉ ቀነስ ሲያደርጉ፣ በመጨረሻ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ አንዲት አሮጊት ሰላም ብለውን ቀድመው አለፉ። ከዚያ ወዲህ በሬ ሲንኳኳ ትንፋሼን ውጬ ከበሩ ጀርባ እቆማለሁ። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ኮቴያቸው ከበር ወደ በር ሲሄድ፣ ከዚያ ብቻውን ደረጃውን ሲወርድ ይሰማል።

ባለፈው ሰኞ ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡሱን መብራት ያዘው። በመስኮት ሳይ እሳቸው ናቸው። ብቻቸውን እየሮጡ ያወራሉ። እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ወደ ጎን ዞር ብለው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ መልስ የሰሙ ይመስል ራሳቸውን ነቅንቀው ይቀጥላሉ። ከጎኔ የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ ግን አልሳቅኩም። ሩጫውን የጀመሩት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ አስበንበት ግን አናውቅም። እኔ ራሴም ከዓርብ ጀምሮ ባለሱቁን "አመሰግናለሁ" ከማለት በቀር ለማንም ቃል እንዳልተነፈስኩ ያኔ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ ቀድሜ በራቸውን አንኳኳሁ። አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ካልሲ አድርገው ከፈቱልኝ።

"ምነው፣ ሰው ታመመ?"

"አይ ጋሼ፣ እንሩጥ ብዬ ነው።"

ትክ ብለው አዩኝ። ሌላውን ካልሲ ፈልገው እስኪያገኙት ብዙ ቆዩ።

መሮጥ ስንጀምር ግን ጉድ ተሰማ፤ ክቡርነታቸው ዝም አሉ። አንዱን መንገድ ጨርሰን ወደ ሌላው ታጠፍን፤ አሁንም ዝም።

"ምነው ጋሼ፣ አያወሩም እንዴ?"

"ዛሬ አንተ አውራ፤ እኔ ልስማ።"

"ምን ላውራ?"

"ትናንት ራት ምን በላህ?"

መዋሸት እችል ነበር። "ድንች ጥብስ" አልኩ። "ሳህን ላይም ሳላወጣው፣ ከመጥበሻው ላይ፣ ቆሜ።" ከዚያ ስብከቱን ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ።

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ትንሽ እንደሄድን ፍጥነታቸውን ቀነሱ። እኔ ግን አልደከመኝም ነበር።

"እኔም ጎመኔን ቀቅዬ አቀረብኩና ሳልነካው ተኛሁ" አሉ፣ መንገዱን እያዩ። "ማታ እኔ ጋ ና። ያን ድንችህን ጠብሰህ ይዘህ ና፤ ዘይት እንዳትሰስት።"