ከታላቁ ሰው ጎን

የሰው ልጅ ከእንስሳ የሚለየው ታሪክ ስላለው ነው ይባላል። የመካኒሳ አቦ ሰው ደግሞ ከሌላው ሰፈር ሰው የሚለየው፣ ታሪኩን አሳምሮ የሚጽፍለት አቶ መኩሪያ ስለነበሩት ነው።

አቶ መኩሪያ የመዝገብ ቤት ጡረተኛ፣ የቀበሌው ንባብ ቤት ቁልፍ ያዥ፣ የዕድሩም የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። ንባብ ቤት ማለት አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ መደርደሪያና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ልብ ወለድ በእጃቸው አይነኩም፤ "ውሸት ነው" ይላሉ። የሚያነቡት እውነቱን፣ ማለትም ትልልቅ ሰዎች ስለ ራሳቸው የጻፉትን ብቻ ነው።

ከዚያ ሁሉ ንባብ አንድ ታላቅ ቁም ነገር ተምረዋል። ትልቅ ሰው ገና ሲወለድ አንድ አዋቂ "ይህ ልጅ ቀላል አይደለም" ብሎለታል። ካደገ በኋላ መክሯል፤ የሰማው የለም፤ ጥፋት ደርሷል። ጥፋቱ ሲደርስ ግን እሱ በቦታው አልነበረም። አቶ መኩሪያ ይህን ከልባቸው ስላመኑ፣ የገዛ ጣሪያቸው ባፈሰሰ ቁጥር ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ውብነሽ፣ "ይህ እንደሚመጣ ቀድሜ አሳስቤ ነበር" ይሏቸዋል።

"ለማን ነው ያሳሰብከው?"

"ለሚመለከተው አካል።"

"የሚመለከተው አንተን ነው። ውጣና ቆርቆሮውን ምታ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።"

እውነትም የሰው ያማስሉ ነበር። በዕድሩ ሰው ሲሞት መቃብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ግንበኛው አቶ ነጋ ያረፉ ጊዜ፣ ሟቹ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ዝምተኛ ሰው ስለነበሩ ለታሪክ አልመች አሉ። አቶ መኩሪያ ግን መላ አላጡም። "አንድ ሚኒስትር ቤት ሲያሠሩ አስጠርተዋቸው፣ 'ነጋ፣ አገራችን ወዴት እየሄደች ነው?' ቢሏቸው፣ 'ነገሩ ያለው መሠረቱ ላይ ነው' ብለው መለሱ" ተብሎ ተነበበ። ለቀስተኛው አነባ። ሚስትየዋ ወይዘሮ ዘነቡ ብቻ፣ "እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ባውቅ ኖሮ እራቱን በጊዜ አቀርብለት ነበር" አሉ።

የትልቅ ሰው ታሪክ የጻፈ ሁሉ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ፣ ከትልቁ ሰው ጎን ቆሞ ይገኛል። አቶ መኩሪያም ይህን ደንብ አክብረው፣ ሚኒስትሩ ያንን ሲጠይቁ "የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ከሟቹ ጎን ውሃ ልክ ይዞ ቆሞ ነበር" የምትል ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል። በየሟቹ ታሪክ እንዲሁ ጣል ያደርጓታል።

እንግዲህ ፓርቲው ሊመሠረት ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ሮበሌ ንባብ ቤቱ የቢራ ሳጥን ማስቀመጫ እንዲሆን ወሰኑ። ሰፊው ሕዝብ ከመጽሐፍ ይልቅ ቢራ እንደሚሻ በጥናት ተረጋግጧል። ጥናቱን ያካሄዱት ራሳቸው ሊቀ መንበሩ ናቸው፣ የቀበሌው ክበብ ውስጥ ተቀምጠው። አቶ መኩሪያ ይህን ሲሰሙ እህል አልቀምስ አሉ። ወይዘሮ ውብነሽ ሰውየው ያለዚያች ክፍል መኖር እንደማይሆንላቸው ስለሚያውቁ፣ ለአንድ ሳምንት ስለ ጣሪያው ምንም አላነሡም።

ታዲያ አንድ ከሰዓት ጓድ ሮበሌ በእግራቸው ንባብ ቤቱ መጡ። በስብሰባ "ጓድ መኩሪያ" የሚሉት ሰውዬ ዛሬ "ጋሽ መኩሪያ" ሲሉ፣ ችግር እንደገጠማቸው ታወቀ።

"ጋሼ፣ ለፓርቲው አባልነት የሕይወት ታሪክህን አምጣ ተብያለሁ።"

"ታዲያ ይጻፉዋ።"

"ጻፍኩት። ተወለድኩ፣ አገባሁ፣ ሊቀ መንበር ሆንኩ። ከዚያ አለቀብኝ።"

"ተሠቃይተው ያውቃሉ?"

"ጥርሴን አሞኝ ነበር።"

"ርቀው ዘምተውስ?"

"ፉሪ ደርሻለሁ። ለሠርግ።"

አቶ መኩሪያ በኀዘኔታ አዩዋቸው። "ንባብ ቤቱስ?" አሉ።

"ታሪኬ ካማረ የማንም ሳጥን አይገባበትም።"

ታሪኩ ተጻፈ። የጥርስ ሕመሙ በጨለማው ሥርዓት የደረሰባቸው ሥቃይ ሆነ። የፉሪ ሠርግ ሕዝብን ለማንቃት የተደረገ አድካሚ ጉዞ ተባለ። ጓድ ሮበሌ በረሃ ሲባል ዓይናቸው የሚበራ፣ ወባ የማትደፍራቸው፣ ሁልጊዜ "ከባዱን ለእኔ" የሚሉ፣ ሲመሰገኑ ግን "እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም" ብለው የሚያፍሩ ትሑት ታጋይ ሆኑ። መጨረሻው ላይም በደንቡ መሠረት፣ "በዚህ ሁሉ ትግል ጸሐፊው ከጎናቸው ተለይቶ አያውቅም" ተብሎ ተዘጋ።

ወይዘሮ ውብነሽ ሲነበብላቸው ሰምተው፣ "ይቺን የመጨረሻዋን ብትተዋት ምን አለ?" አሉ።

"ታሪክ አይሰረዝም" አሉ አቶ መኩሪያ።

ብዙም ሳይቆይ ጓድ እስጢፋኖስ የሚባሉ ካድሬ ከበላይ አካል መጥተው የቀበሌውን ነዋሪ ሰበሰቡ።

"ጓዶች፣ እንዲህ ያለ ጀግና መካኒሳ ተደብቆ መቅረቱ የአብዮቱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ጓድ ሮበሌ በምዕራብ ቆላ ለሚቋቋመው የሰፈራ ጣቢያ አስተባባሪ ሆነው ነገ ይንቀሳቀሳሉ።"

ጓድ ሮበሌ ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ጓድ፣ እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም።"

"አያችሁ?" አሉ ካድሬው። "ልክ እንደተጻፈው ናቸው።"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ንባብ ቤቱ ተርፏልና ከሁሉም አስበልጠው ያጨበጨቡት አቶ መኩሪያ ነበሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ካድሬው ወረቀቱን ገለጥ አድርገው፣ "ጸሐፊውስ የት አሉ?" ሲሉ፣ ሰውየው ትልቅ ሰው በሚነሣበት አነሣሥ ተነሡ።

"ከጎናቸው ተለይተው አያውቁም ይላል።"

"እሱማ... የአጻጻፍ ወግ ነው፣ ጓድ።"

"እውነት አይደለም ማለትዎ ነው?"

አቶ መኩሪያ ወደ ጓድ ሮበሌ ዞሩ። ጓድ ሮበሌ ምደባውን ከሰሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለዋል።

"እንዴት ውሸት ይሆናል?" አሉ። "ያለ ጋሽ መኩሪያ አንድ እርምጃ ሄጄ አላውቅም።"

"እኔ እኮ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።"

"ታሪክ ጡረታ አይወጣም" አሉ ካድሬው፤ ተጨበጨበ።

በማግስቱ ሁለቱ ጎን ለጎን የጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። የንባብ ቤቱ ቁልፍ በወይዘሮ ውብነሽ መቀነት ታስሮ ቀረ። ካነበቧቸው ደራሲዎች መካከል ጥፋት ሲደርስ በቦታው የተገኘ አንድም አልነበረም፤ አቶ መኩሪያ የመጀመሪያው ሆኑ። መኪናው ሲነሣ ከላይ አጎንብሰው፣ "ውቤ፣ ይህ እንደሚመጣ..." ብለው ጀመሩና ተዉት።

"ጨርሰው እንጂ" አሉ ወይዘሮ ውብነሽ እንባቸውን እየጠረጉ። "ቀድሜ ያሳሰብኩት እኔ ነበርኩ።"