ከጤፍ ማኅበር የወጡት ሰው ድርድር

በስደት በምንኖርበት በቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ በሕንፃችን ቤዝመንት ውስጥ እኔ የጤፍ ማኅበራችንን መዝገብ ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ፤ አቶ ግርማ ከጤፉ ጆንያዎች ፊት ለፊት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ ከኋላቸው።

ከማኅበር ወጥቶ በማኅበሩ ጥቅም መኖር የሚፈልግ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጎረቤታሞች ጤፍ በጅምላ እያስመጣን ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ከመኪና እናወርዳለን። አቶ ግርማ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት በወጣች ሰሞን "ነፃነቴን እፈልጋለሁ" ብለው ወጡ። የፈለጉት ነፃነት ከቅዳሜ ሸክም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሰው ስለ ነፃነቱ ይጠየቃል? አሁን የልጃቸው ሰርግ ደረሰ፤ ጅምላ ሻጩ ደግሞ ለአንድ ሰው አይሸጥም።

"እትዬ በላይነሽ፣ ልዩ ስምምነት እንፈራረም" አሉ ፋይል ከፍተው። "ጤፉን እንደ አባል፣ ተራውን እንደ እንግዳ።"

"እንግዳ እንጀራ ይበላል እንጂ ጆንያ ይዞ አይሄድም" አልኳቸው።

"እንግሊዝ እንኳ ስንት ዓመት ተደራድራለች!"

"ሰርጉ መቼ ነው?"

"የፊታችን እሑድ።"

ከልዑካን ቡድናቸው ጋር እስኪመካከሩ ድርድሩ ለአምስት ደቂቃ እንዲቋረጥ ጠየቁ። ቡድናቸው ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ጥግ ወስደው ብዙ አንሾካሾኩላቸው።

ወይዘሮ ዘነበች ሰምተው ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። "እትዬ፣ እኔን በራሴ ስም ይመዝግቡኝ። ከሰርጉ በኋላ የመጀመሪያውን ጭነት እኔ አወርዳለሁ።"

"ዘነበች! ገና እየተደራደርን እኮ ነው!" አሉ አቶ ግርማ።

ወይዘሮ ዘነበችን መዘገብኳቸው። ፈረሙ፤ ሁለት ጆንያ በጋሪ ጭነው ኤሌቬተር ውስጥ ገቡና ሄዱ።