ሊቀ ጣሪያ ኦዴል እና የእናቴ ሣር

ቅዳሜ ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። ሰኔ አራት ልበል? የለም፣ አስራ አንድ መሆን አለበት፤ የሎሬታ ምግብ ቤት የእንጆሪ ፓይ መሸጥ ጀምሮ ነበርና። ወይም ፓዩን ከሌላ ዓመት አምጥቼ ቀላቅዬው ይሆናል። ዓመቱን ግን አልስተውም፤ ባንኮች በከተማችን በዴይተን ግማሽ ሰፈር በር ላይ የማስለቀቂያ ወረቀት የለጠፉበት፣ እኔም የኮሌጅ መምህርነት ሥራዬን ያጣሁበት ነው። ክቡር ኦዴል ፕሪቸትን የተዋወቅኋቸው በዚያ ጠዋት ነው።

እኚህን ሰው እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ በየከተማው አንድ አይጠፉም። ቤታችሁ ስትጠሯቸው ሰላም ከማለታቸው በፊት ግድግዳውን በጣታቸው የሚያንኳኩ፣ ምግቡ ሳይቀርብ የቤቱን ዋጋ የሚነግሯችሁ። ኦዴል ደግሞ የእነዚህ ሁሉ ጳጳስ ነበሩ። እኔ በልቤ ሊቀ ጣሪያ ወመሠረት እላቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን በሂዩበርት ቀብር ላይ ባለቤቱን አቅፈው፣ ዓይናቸውን ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ እንደተከሉ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ እሱስ ወደማያፈስበት ሄደ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ደላላ አይደለሁም" ይላሉ፤ ደላላ ያላቸው ባይኖርም። ሥራቸው እንዲህ ነው። ባለቤቱ የሰለቸውን ቤት ይፈልጉና የመግዣ ውል ይፈራረማሉ። ከዚያ ውሉን ራሱን፣ ትርፋቸውን ጨምረው፣ ቤት አድሶ ለሚሸጥ ባለገንዘብ ያስተላልፋሉ። የቤቱን ቁልፍ በእጃቸው ሳይነኩ ያተርፋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሎሬታ የኋላ ክፍል እኛን ጀማሪዎችን በነጻ ያስተምሩ ነበር። በነጻ ስል፣ ፓያቸውን የምንከፍለው እኛ ነን።

"ገዢ ሳትይዙ የሻጭ በር አታንኳኩ" ይላሉ ሹካቸውን እንደ መስቀል ከፍ አድርገው። "ስትገቡ ጣሪያ፣ መሠረት፣ ቧንቧ፤ በዚህ ተራ እዩ። የማደሻውን ወጪ ገምቱ። ከዚያ እጥፍ አድርጉት።"

"ካነሰስ?" አለ ድዋይት፣ ከፋብሪካ የተቀነሰ ደግ ሰው።

"አንሶ አያውቅም።"

ይኸው ድዋይት በሦስተኛው ሳምንት የተፈረመ ውል እያውለበለበ መጣ። በረንዳ ላይ ካገኘው ሰውዬ ጋር በአስር ደቂቃ ተስማምቷል፤ ሰውዬው ስለ ዋጋ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አጨበጨብንለት። ኦዴል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

"ወንድም ድዋይት፣ ሰውዬው ምን ለብሷል?"

"ቱታ።"

"በእጁስ ምን ይዟል?"

"የቧንቧ መፍቻ።"

"እንግዲያው የቧንቧ ሠራተኛውን ነው ያስፈረምከው።"

"ታዲያ ለምን ፈረመ?"

"እሱንማ አንተ ለምን አስፈረምከው? ስሙት እንግዲህ! የንብረት መዝገቡን ሳታዩ እስክሪብቶ ከኪሳችሁ እንዳይወጣ!"

ሳቁ ሲበርድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለሻጩ እውነቱን ንገሩት። 'የምገዛው እኔ አይደለሁም፤ ውሉን ለሌላ አስተላልፌ ትርፍ እወስዳለሁ' በሉት። ይህን ሰምቶ የማይፈርም ሰው መጀመሪያም መፈረም አልነበረበትም።"

"የእርስዎ የመጀመሪያ ቤት የት ነበር?" አልኳቸው።

"ማርሎው መንገድ። የአንዲት አሮጊት ቤት።"

"እና?"

"ጣሪያው ጥሩ ነበር" አሉና ሌላ ፓይ አዘዙ። ከዚያ በኋላም በጠየቅኳቸው ቁጥር ጣሪያው ጥሩ ነበር፤ ፓይም ይታዘዛል።

አንዳንድ ቀን በአሮጌ ፒካፓቸው ይዘውኝ ይዞራሉ። የሚነዱት ከሰው እርምጃ በማይፈጥን ፍጥነት ነው፤ ከኋላ ጥሩንባው ይቀልጣል፣ እሳቸው ግድ የላቸውም። "ዩኒቨርሲቲ፣" ይሉኛል፤ ስሜን ጠርተውት አያውቁም፤ "ቤቱን ተዪው፣ ሣሩን እዪው!" ሣሩ ጉልበት ከደረሰ፣ የፖስታ ሳጥኑ ከተረፈረፈ፣ የቆሻሻ በርሜሉ መንገድ ዳር ከሰነበተ፣ ውስጥ ያለው ሰው ደክሟል ማለት ነው።

"የደከመ ሰው ይፈርማል" አሉ አንድ ቀን። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

እኔ አንድም ውል ሳልሸጥ ቀረሁ። አራት በር አንኳኩቼ፣ በሦስተኛው ከሻጯ ጋር አብሬ አለቀስኩ። በመስከረም ወር፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በሚያስነዳ ሌላ ከተማ የማስተማር ሥራ አገኘሁና ተገላገልኩ።

በተከታዩ ዓመት ግን ገና በረዶው ሳይቀልጥ ዴይተን የቀረችው እናቴ ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆነባት። ከተሽከርካሪ ወንበር ሆና "ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው" አለች። ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት እየመጣች ታግዛታለች፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ እመጣለሁ። ያላት ነገር አባቴ በእጁ የሠራው ያ ቤት ብቻ ነው። ችግሩ፣ የእናቴን የኮክ ኬክ ላመሰገነ ሰው እናቴ የማትፈርመው ወረቀት የለም። የኦዴል ተማሪዎች ደግሞ ከተማውን ሞልተው ሣር እያዩ ይዞራሉ። እኔ ክፍል ቆሜ እያስተማርኩ የማስበው ያንን ሣር ነበር። ሰው ልቅጠር እያልኩ ስመጣ ግን ሁልጊዜ ታጭዶ አገኘዋለሁ። "ማነው?" ስላት "አንድ ሰው" ትለኛለች። ጎረቤት መስሎኝ ተውኩት።

ነሐሴ ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ደወለች።

"አንድ ጨዋ ሰው አለ፣ ሚስተር ፕሪቸት የሚባል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት አስፈረመኝ።"

"ምን?"

"ኬኬንም ሁለቴ ጨምሮ በላ።"

ሁለቱን ሰዓት እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነበር፤ ለዲግሪዬ እንኳ እንደዚያ አልተዘጋጀሁም። ስደርስ ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው በእናቴ ግቢ የሣር ማጨጃ ይገፋሉ። ለገዢ እያሳመሩት ነው አልኩ። ሰላም ሳልላቸው አልፌ ገባሁ።

"ወረቀቱ የታለ?"

እናቴ በአገጯ የበሩን ጀርባ አሳየችኝ። ልክ ወንበሯ ላይ ሆና በምታይበት ከፍታ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ተለጥፏል፦ "እኔ ኦፓል ሬንፍሮ፣ ልጄ አጠገቤ ሳትቀመጥ ምንም ወረቀት አልፈርምም። ይህን የጻፈው ሰው የሚያመጣውንም ጨምሮ።" ከሥሩ የእናቴ የሚንቀጠቀጥ ፊርማ።

"ፈርሜያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም" አለች በኩራት። "ትናንት እንኳ ድዋይት የሚባል አንድ ደግ ሰው ውል ይዞ መጥቶ ነበር። ያንን አሳየሁት። 'ይሄን ጽሕፈት አውቀዋለሁ' አለና ኬክ በልቶ ሄደ።"

"ሣሩንስ?"

"እሱ ነዋ፤ ሐሙስ ሐሙስ። ፖስታዬንም ያስገባልኛል፣ በርሜሌንም ይመልሳል። ልክፈልህ ስለው 'ሣሩ አጭር ከሆነ ተማሪዎቼ አይቆሙም፣ ሚስ ኦፓል' ይለኛል።"

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ባክኖ ቀረ። በእሱ ፋንታ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ የማርሎው መንገዷ አሮጊት፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ፈራሚያቸው፣ ምን ሆነች የሚል። ሮጬ ወጣሁ። ኦዴል ማጨጃውን ጭነው ሞተር አስነስተዋል።

"ሚስተር ፕሪቸት!"

በመስኮት ብቅ አሉ፤ ከእኔ በላይ፣ ወደ ጣሪያው እያዩ። "ዩኒቨርሲቲ፣ ጭስ ማውጫው ሥር ያለው ቆርቆሮ ተነስቷል። በረዶ ሳይመጣ አስጠግኚው።"

አፌን ስከፍት መኪናው ተነሳ። ግራ ቀኙን ሣር ሳያዩ፣ ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እየፈጠኑ፣ ጥጉን ታጠፉ።