ስልኬ ላይ የቆመችው ሲንቄ

ጥንቁቅ ሰው የሚዋረደው በከፈተው በር አይደለም፤ በር መሆኑን ባላወቀው ነገር ነው። ይህን የምለው ዕድሜዬን ሙሉ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። ሮቤ ውስጥ የስንዴ መጋዘን ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። ከቆለፍኩ በኋላ ቁልፉን ሳብ አድርጌ አያለሁ፤ ጥቂት ሄድ እልና ተመልሼ ደግሜ እስበዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁም ልማዱ አልተወኝም። ባለቤቴ ዘይነባ፣ «ያ አባ ናስር፣ ከዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚሰረቅ ምን አለና ነው?» እያለች ትስቅብኛለች። አባ ናስር የምባለው በበኩር ልጄ ስም ነው። ሳቋን እሰማለሁ፤ በሩን ግን ደግሜ እስበዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ዘይነባ አልሳቀችም። ጡቷ ውስጥ ሽምብራ የምታህል ነገር ዳብሳ አግኝታለች። ጎባ ሐኪም ቤት ሄድን፤ በመርፌ ናሙና ወሰዱና ውጤቱ ጊዜ ይፈልጋል አሉን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የስንዴውን ማሳ ስታይ ቆየች። ሮቤ ልንገባ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በኦሮምኛ፣ የልጃችን የሙና ሠርግ እስኪያልፍ ማንም እንዳይሰማ አለችኝ። ሙና ብትሰማ ሠርጉን ትታ እናቴን ላስታምም እንደምትል ሁለታችንም እናውቃለን። «ሲንቄዬን እየሳቅኩ ነው የምሰጣት» አለች። «ከዚያ በኋላ እነግራታለሁ። እኔው፣ በገዛ አፌ።»

ሲንቄ ምን እንደሆነች ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ የለሰለሰች በትር ናት፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት። ከብት አይነዳባትም፣ ሰው አይመታባትም። ነገር ግን ሁለት ወንዶች ተያይዘው ሲደባደቡ አንዲት ሴት ሲንቄዋን ይዛ መካከላቸው ከቆመች፣ ጠቡ እዚያው ላይ ይቆማል። ማን ናት፣ የማን ዘመድ ናት፣ ማን ፈቀደላት ተብሎ አይጠየቅም። ሲንቄዋን ያየ ሁሉ ምን እንደምትል ያውቃል። የማንም አይደለችም፤ የሁሉም ናት።

ወደ ምስጢራችን ልመለስ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ለሐኪም ያሳዩትን ለመንደር አለማሳየት መደበቅ ነው እንዴ? የእኛ ሰው ደግ ነው። ወሬው ጠዋት ቢወጣ ከሰዓት በፊት ቤታችን በጠያቂ ይሞላ ነበር። ጠያቂ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ወተትና በዚያው በሽታ የሞተ ሰው ታሪክ ይዞ ይመጣል። ዘይነባ ወተቱን አልጠላችም። ታሪኩን ነው።

ቁልፍ ያዥ ምስጢር ሲሰጠው ምን ያደርጋል? ይቆልፋል። ቆለፍኩ። ጭንቀትን ግን ቁልፍ አያቆመውም። ሰው መጠየቅ ስለተከለከልኩ፣ ሰው ያልሆነውን ልጠይቅ ብዬ ስልኬን ይዤ ጓሮ ገባሁ። ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩ ማንበብና መጻፉ አያቅተኝም። ስለ ጡት ዕጢ ጻፍኩና አንድ ገጽ ከፈትኩ። መጀመሪያ ረጅም ጽሑፍ ከፊቴ ተደቀነ። ከሥሩ «እስማማለሁ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ምልክት አለ፤ ከጎኑ ደግሞ እምቢታ የሚመስል ነገር በደብዛዛ ፊደል ተጽፏል።

እዚህ ላይ ያሳተኝ አስተዳደጌ ነው። እኛ የባሌ ሰዎች የሰው ደጅ ደርሰን ባለቤቱ «ግቡ፣ ቅመሱ» ካለን እምቢ አንልም። ጠግበን እንኳ ቢሆን ጫፏን እንቀምሳለን። እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው። ስለዚህ እንደ ወጉ እስማማለሁን ተጫንኩ፤ እንዲያውም ቢስሚላህ ብዬ ነው የተጫንኩት። ከዚያ ሌላ ገጽ፣ ሌላም ገጽ ከፈትኩ፤ ሁሉም ጋበዙኝ፣ ሁሉንም አመሰገንኩ። ለካ ጋባዦቼ እኔን ለሌላ እንግዳ እያቀረቡኝ ኖሯል።

በሳምንቱ የሙሽራው ወገኖች ከገሰራ መጡ። ስንት ፈረስ ይዘው እንደሚመጡና ሰዉ የት እንደሚያርፍ ለመነጋገር ነው። ዋናው ሽማግሌ የሙሽራው አጎት ሐጂ ቃድር ናቸው፤ የተከበሩ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ ሰው። ጉሙ መንገድ ላይ ይወርድብን ይሆን ብለው ስለ አየሩ ማወቅ ፈለጉ፤ የእሳቸው ስልክ ባትሪ ስለጨረሰ የእኔን አቀበልኳቸው።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ሐጂ ማንበብ የተማሩት በጎልማሳነታቸው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንጂ በሆዱ አያነብም። አንዲት ቃል አንብበው አፋቸው እስኪለቃት ድረስ ዓይናቸው ወደሚቀጥለው አያልፍም። «ከሰዓት፣ በኋላ፣ ዝናብ፣ ሊኖር፣ ይችላል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐጂ ቀጠሉ። «የጡት» አሉ።

ቆሙ። ጣታቸውን ወደ ታች ቢጎትቱ አንዲት ሴት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። ደግመው ቢጎትቱ ሌላ መጣች፤ ይችኛዋ ደግሞ ሐኪም እንዲያያት ተብሎ ነው መሰለኝ፣ ልብሷን ቀነስ አድርጋለች። «አስተግፊሩላህ!» አሉና ስልኩን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፉት። ያቺ ጽሑፍ ውጭ አገር ወስደን እናሳክማችኋለን የሚሉ ደላሎች ማስታወቂያ ናት። ሐጂ ሁለተኛውን ቃል ቢያነቡ ኖሮ ምስጢሩ ይወጣ ነበር። ከመጀመሪያው ቃል ማለፍ አፈሩና እኔን ነውረኛ አደረጉኝ።

«አባ ናስር፣ ስልኩ የእርስዎ ነው?» አሉኝ። ምነው የጎረቤት በሆነ! የእኔ ነው አልኩ። «በዚህ ዕድሜዎ? ያውም ልጅዎን ሊድሩ በተቀመጡበት ቤት?» ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ ተረበኛ አለ፤ እሱ ደግሞ፣ «የሰውየው ዓይን አልደከመም ማለት ነው፤ እኔ መነጽር አስገዝቼም አልረዳኝ» አለ። የሳቀ የለም።

እስቲ በአላህ ፍረዱ። አፌን ብከፍት ስሜ ይነጻል፣ የዘይነባ ምስጢር ግን ምንጣፉ ላይ ይዘረገፋል። መጋረጃው ጀርባ ዘይነባ ቆማለች፤ ጥላዋን አየዋለሁ። ከእሷ ጎን ሙና አለች። በሕይወቴ ብዙ በር ዘግቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን አፌ የከበደ በር ግን ዘግቼ አላውቅም። ሐጂ፣ «ወገኖቻችንን አማክረን እንመለሳለን» ብለው ተነሡ። ልጅ የዳረ ሁሉ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሠርጉ አንዲት ክር ላይ ተንጠለጠለ።

እንግዶቹ እንደወጡ ሙና መጣች። እንጀራዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ሮቤ ውስጥ ቢሮ አላት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ስልኩን አንሥታ አገላበጠችው። «አባ፣ ይህ የእርስዎ ነውር አይደለም» አለችኝ። ሰው አንድ ገጽ ላይ የፈለገውን ያ ገጽ ለሌላው ይነግረዋል፤ ሌላው ለሦስተኛው ይሸጠዋል፤ ከዚያ ማስታወቂያው የሄዱበት ሁሉ ይከተልዎታል አለች። «እንደ ጊኒር ገበያ ደላላ በሉት፤ አንድ በሬ ዞር ብለው ካዩ ቤትዎ ድረስ ይከተልዎታል።» ቢሆንም የጊኒር ደላላ ቢያንስ ፊቱ ይታያል አልኳት። ምን ፈልጌ እንደነበር አልጠየቀችኝም። አለመጠየቋ አስፈራኝ።

ከዚያ ብሮውዘሩን፣ ማለትም ኢንተርኔት የምናይበትን መስኮት፣ ከፈተችና ውስጡ አንድ ነገር አበራች። ከአሁን ጀምሮ እያንዳንዱ ገጽ ደጅ ስደርስ፣ እኔ ምንም ሳልጫን፣ ስልኬ ቀድሞ፣ «የዚህን ሰው ነገር ለሌላ አትስጡ፣ አትሽጡ» የሚል ምልክት ያሳያል አለችኝ። እኔ ጥርጣሬዬ ብዙ ነው። የዚህ ምልክት ባለቤትስ ማን ነው? ነገ እሱ ራሱ ቢሸጠኝስ? አልኳት። ባለቤት የለውም አለች። ስታንዳርድ ነው፤ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች በግልጽ ተከራክረው የጻፉት የጋራ ደንብ። ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያልጣመው ይተቸዋል፣ ማንም ያለ ክፍያ ይሠራበታል። ስልኩ የማንም ስሪት ይሁን፣ ምልክቱ አንድ ስለሆነ የትኛውም ገጽ ቋንቋው አልገባኝም ሊል አይችልም።

«ይቺማ ሲንቄ ናት» አልኩ።

ሙና ቀና ብላ አየችኝ። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «አዎ አባ፣ ሲንቄ ናት።»

የማያከብራትስ? ብዬ ጠየቅኩ። አልዋሸችኝም። ምልክቱን የጣሰውን ሕግ የሚጠይቅባቸው አገሮች አሉ አለች፤ ሌላ ቦታ ግን የሚያከብር ያከብራል፣ የማያፍር ረግጦ ያልፋል። ታዲያ ምን ልትጠቅም? «ምልክቱ ከሌለ አልሰማንም ይላሉ፤ ካለ ግን ሰምተው ነው የረገጡት። እኔ በምሠራቸው ገጾች ላይ ትከበራለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ይለመዳል።» አሰብኩበት። ሲንቄም ብትሆን የምትከበረው ጠንካራ ስለሆነች አይደለም፤ ሕፃን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሰብራታል። የምትከበረው ሰው ሁሉ ላክብራት ብሎ ስለተስማማ ነው። ያ ስምምነት ደግሞ በአንድ ቀን አልመጣም፤ ስንት ሴት ቆማ፣ ስንቷ ተገፍታ ይሆን የጸናው?

ሐጂ እንዳሉት ተመለሱ፤ ፊታቸው ግን ጥሩ አልነበረም። ሠርጉን ለጊዜው እናቆየው ሊሉ እንደሆነ ከአቀማመጣቸው ገባኝ። ንግግራቸውን ሳይጀምሩ መጋረጃው ተገለጠና ዘይነባ ወጣች። ሲንቄዋን ይዛለች። በእኔና በሐጂ መካከል ቆመች።

«ሐጂ» አለች፣ «ይህ ሰው ስልኩ ላይ የፈለገው ስለ እኔ ነው። ነውር የለበትም። ከዚህ በላይ ያለው የእኔ ነው፤ አትጠይቁኝ።»

ሐጂ ሲንቄዋን አዩ፣ ዘይነባን አዩ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ። አንዲት ጥያቄ በምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደነበረች እምላለሁ። ዋጧት። «ሲንቄ ከቆመች ነገር ቆመ» አሉ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «አፉ ይበሉኝ፣ አባ ናስር» ብለው እጄን ያዙ። ተረበኛው ሽማግሌ እንኳ አልተረበም። ከዚያ ስለ ፈረሶቹ ማውራት ጀመርን።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ፈረሶቹ መጡ፣ ጉሙም ሐጂን አክብሮ ነው መሰለኝ ከተራራው አልወረደም። ዘይነባ ሲንቄዋን ለሙና ሰጠቻት፤ እንዳለችው እየሳቀች። ሙናም እየሳቀች ተቀበለች፤ የእናቷን እጅ ግን ቶሎ አልለቀቀችም። በኋላ፣ ዘይነባ በገዛ አፏ በነገረቻት ቀን፣ ሙና ስልኩን ካስተካከለችበት ዕለት ጀምሮ እንደጠረጠረች ነገረችን። ታዲያ ለምን አልጠየቅሽም? ብላት፣ «በገዛ አፏ መንገር የእማማ መብት ነው ብዬ» አለች።

የምርመራው ውጤት ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ዘይነባን አስፈቅጄ ነው፤ አንብቤላት እዚህ ድረስ ፈቅዳልኛለች። ውጤቱን እንድነግራችሁ ግን አልተፈቀደልኝም። በዱዓችሁ አትርሷት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ሐጂ ቃድር ከገሰራ ብቻቸውን መጡ። ለሰላምታ ነው አሉ። ሻይ ጠጡ፣ ስለ ስንዴው አወሩ፣ ዙሪያቸውን ገላመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺን የስልክ ሲንቄ ሙና ለእኔም ታብራልኝ» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለሙና ላደርስላቸው ስልካቸውን ስቀበል ግን መብራቱ ሳይጠፋ አንድ ማስታወቂያ ከፊቴ ድቅን አለ። ሐጂ ደነገጡ። ስልኩን በፊቱ ደፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

ምን የሚል ነበር? እኔ፣ ክብር ለአስተማሪዎቼ ይሁንና፣ በሆዴ ነው የማነበው።